ፋሚሊሰርች፦ የቀደምት አሜሪካውያንን የዘር ሐረግ ለሚፈልግ

የባለቤቴን የእናት ወገን በማሳቹሴትስ እስከ 1640ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ ለመከተል የተጠቀምንበት ፋሚሊሰርች፣ የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የምታስተዳድረውና ክፍያ የማይጠይቅ አገልግሎት ነው። ትልቁ ጥቅሙ የከተማ ጸሐፊዎች በእጃቸው የመዘገቡትን የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ ገጹን እንዳለ በምስል ማሳየቱ ነው፤ ከ1850 በፊት የተካሄዱት የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራዎች በስም የሚጠቅሱት የቤተሰቡን ኃላፊ ብቻ በመሆኑ፣ የሚስትና የልጆች ስም በአብዛኛው የሚገኘው በእነዚህ መዝገቦችና በኑዛዜዎች ነው። አንድ ልደት «ፌብሩዋሪ 1641/42» ተብሎ ተጽፎ ስናይ ጸሐፊው የተሳሳተ መስሎን ነበር፤ ነገሩ ግን ከ1752 በፊት በእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች አዲሱ ዓመት የሚገባው ማርች 25 ስለነበር፣ ከጃንዋሪ እስከዚያ ቀን ድረስ ላሉት ቀናት ሁለት ዓመተ ምሕረት ይጻፍ ነበር። በመስከረም ዓመት ለምንለውጥ ለእኛ ይህ ብዙም እንግዳ አይደለም።

ማንኛውም ተጠቃሚ ሊያርመው የሚችለውን የጋራ የዘር ሐረግ ግን ዋናውን መዝገብ ሳያዩ መቀበል አይገባም፤ በሌላ ድረ ገጽ ላይ ባገኘነው ተመሳሳይ ሐረግ ልጁ አባቱን በሦስት ዓመት ይበልጠው ነበር። አንዳንድ ምስሎችም የሚከፈቱት በአገልግሎቱ ማዕከላት ወይም በተባባሪ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ብቻ ነው።