ከሊንኪን ፓርክ አልበሞች የትኛውን ልግዛ?

የአሜሪካው የሙዚቃ ቡድን ሊንኪን ፓርክ ሮክን ከራፕና ከኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ጋር ማዋሃድ ከጀመረ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎታል። እስካሁን ስምንት የስቱዲዮ አልበሞች አሉት። ሁሉንም መሰብሰብ ለማይፈልግ ገዢ ምርጫው፣ በእኔ ግምት፣ በሦስቱ መካከል ነው፦ «ሃይብሪድ ቲዮሪ» (2000)፣ «ኤ ታውዘንድ ሰንስ» (2010) እና «ፍሮም ዜሮ» (2024)። ወራቱና ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብዙ ሰው ስለ አዲሱ ስለሚጠይቅ ከእርሱ ልጀምር። ድምፃዊው ቼስተር ቤኒንግተን በሐምሌ 2017 ከሞተ በኋላ ቡድኑ ለሰባት ዓመታት ያህል አዲስ አልበም አላወጣም። በመስከረም 2024 ከድምፃዊት ኤሚሊ አርምስትሮንግና ከአዲስ የድራም ተጫዋች፣ ከኮሊን ብሪተን ጋር ተመለሰ፤ አልበሙም በኅዳር ወጣ። «ዚ ኤምፕቲነስ ማሺን» የተሰኘው ዘፈን የሽግግሩን አኳኋን በሚገባ ያሳያል። የመጀመሪያውን ስንኝና አዝማች የቡድኑ ራፐርና ድምፃዊ ማይክ ሺኖዳ ብቻውን፣ ረጋ ብሎ ይዘፍናል። አርምስትሮንግ የምትገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ በገባች ቅጽበት ዘፈኑ የእርሷ ይሆናል። «ሄቪ ኢዝ ዘ ክራውን» ላይ ደግሞ ከ15 ሰከንድ በላይ በአንድ ትንፋሽ ትጮኻለች። ቤኒንግተንን ለመምሰል አትሞክርም፤ አልበሙን ያዳነውም ይኸው ይመስለኛል።

ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው። «ፍሮም ዜሮ» 32 ደቂቃ ያህል ብቻ ይፈጃል፤ ከቡድኑ የስቱዲዮ አልበሞች ሁሉ አጭሩ ነው። ከዚያ ላይ ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ ሥራ ነው። «ቱ ፌስድ» የተባለው ዘፈን፣ የቡድኑን ዲጄ የጆ ሃንን የሸክላ ፍተጋ (ስክራች) ጨምሮ፣ ከሃያ ዓመት በፊት ቢወጣ ማንም አይገረምም ነበር። ያንን ድምፅ የናፈቀ ደስ ብሎት ይግዛው። ቡድኑ አዲስ ነገር ፈጥሯል ብሎ የሚገዛ ግን ቅር ሊለው ይችላል።

ያ የተናፈቀው ድምፅ ምንጩ «ሃይብሪድ ቲዮሪ» ነው። 12 ዘፈኖች፣ 38 ደቂቃ ገደማ፤ ፕሮዲዩሰሩ ዶን ጊልሞር። በአሜሪካ ብቻ ከአልማዝ ደረጃ (ከአሥር ሚሊዮን ቅጂ) በላይ የተሸጠ አልበም ስለሆነ ማስተዋወቅ አያስፈልገውም። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ሺኖዳ ስንኙን በራፕ ይዞ ይመጣል፣ ቤኒንግተን አዝማቹን ይቀበለዋል፣ ጊታሩ ከሥር ይገፋል። «ኢን ዚ ኤንድ» ውስጥ ጥቂት የፒያኖ ኖታዎች ዘፈኑን ከዳር እስከ ዳር ተሸክመውት ይሄዳሉ። ለታዳጊ ልጅ የሚገዛ ወላጅ ይህን ይወቅ፦ ግጥሞቹ ቁጣ የሞላባቸው ቢሆኑም ስድብ የለባቸውም። ደጋግመው ሲያዳምጡት ግን የዘፈኖቹ አወቃቀር አንድ ዓይነት መሆኑ ይታወቃል።

«ኤ ታውዘንድ ሰንስ» ሌላ ዓለም ነው። በፕሮዲዩሰሩ በሪክ ሩቢንና በሺኖዳ የተሠራው ይህ አልበም በወጣ ጊዜ አድናቂውን ለሁለት ከፍሎታል። ጊታሩ ወደ ኋላ አፈግፍጎ ሲንተሳይዘርና ከበሮ መድረኩን ይይዛሉ፤ የአቶሚክ ቦምቡ ሳይንቲስት የኦፐንሃይመር፣ የተማሪዎች ንቅናቄ መሪው የማሪዮ ሳቪዮና የማርቲን ሉተር ኪንግ የተቀዱ ንግግሮች በሙዚቃው መሃል ይሰማሉ። ከ15ቱ ክፍሎች በርከት ያሉት አጫጭር መሸጋገሪያዎች ናቸው። ስለዚህ በነጠላ ዘፈን መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ተነጥለው ሲሰሙ ትርጉም የላቸውም። በስልክ የሚያዳምጥ ቅደም ተከተሉን እንዳያዘበራርቅበት ይጠንቀቅ። ከዚህ ሁሉ ጫጫታ በኋላ የመጨረሻው «ዘ ሜሴንጀር» በአኩስቲክ ጊታርና በፒያኖ ብቻ ታጅቦ፣ ቤኒንግተን ጉሮሮው እስኪሻክር ሲዘፍን ይደመጣል። ለልጆች ግን አይሆንም፤ አንዳንድ ዘፈኖቹ ስድብ አለባቸው።

የእኔን ፍርድ የሚፈልግ ካለ፣ ከሦስቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል «ኤ ታውዘንድ ሰንስ»ን እመርጣለሁ። ሮክ፣ ራፕና ኤሌክትሮኒክ የተቀላቀሉበት ሳይሆን ከናካቴው ድንበራቸው የጠፋበት ሥራ እርሱ ነው። ሆኖም ቡድኑን ጨርሶ ለማያውቅ ሰው አልሰጠውም። እንዲህ ያለው ገዢ በ«ሃይብሪድ ቲዮሪ» ይጀምር፤ ከወደደው ሁለተኛ ግዢው የ2003ቱ «ሜቴዮራ» ይሁን። «ዋን ሞር ላይት» (2017) ወደ ፖፕ ያደላ ስለሆነ፣ ከባድ ጊታር የሚወድ ሰው ሳያዳምጥ አይግዛው።

«ፍሮም ዜሮ»ን የመረጠ ደግሞ የመጀመሪያውን እትም ይተወው። በግንቦት 2025 የወጣው የተስፋፋው እትም «አፕ ፍሮም ዘ ቦተም»ን ጨምሮ ሦስት ተጨማሪ አዳዲስ ዘፈኖች ስላሉት የአልበሙን ማጠር በመጠኑ ይክሳል።