ለሚጎትት ፒክአፕ የፍሬን ሸራና ዲስክ፦ የተበሳው ወይስ ልሙጡ?

በዚህ ወር ብቻ ሦስት ሰው ደውሎ ያንኑ ጠየቀኝ። «ያ የፍሬን ነገር፣ የትኛውን ነበር ግዛ ያልከኝ?» እዚህ ኮሎራዶ፣ አውሮራ ውስጥ ፒክአፕ ገዝቶ ከጨረታ መኪና እየጎተተ የሚሸጥ ሐበሻ በዝቷል። ሁሉም አንድ ቀን ተራራው ላይ ይደነግጥና ወደኔ ይደውላል። ጽፌው ልገላገል።

መልሱን ከፊት ልንገራችሁ። ልሙጥ (ቀዳዳ የሌለው)፣ ከባድ ዲስክ ከሰሚ ሜታሊክ (ብረት ከተቀላቀለበት) ሸራ ጋር። የተበሳውን ዲስክ ተዉት። የቸኮለ ሰው እዚህ ጋ ማቆም ይችላል።

እኔ ይሄን የተማርኩት በ32 ዶላር ሸራ ነው። መኪናዬ የ2016 ፎርድ ኤፍ 150 ፒክአፕ ናት። የፊት ሸራዋ ሲያልቅ መደብር ሄጄ ርካሹን አነሳሁ፤ ሸራው 32፣ ዲስኩ አንዱ 44፣ በአጠቃላይ ከነታክሱ 130 ዶላር ገደማ። ባዶዋን ስነዳት ምንም አልነበረም፣ እንዲያውም ጎበዝ ገዢ ነኝ ብዬ ነበር። ከዚያ ግራንድ ጀንክሽን ሄጄ አንድ ካምሪ ጭኜ ስመለስ ነው ጉዱ። ትሬለሩና መኪናው አንድ ላይ 5,300 ፓውንድ ይሆናሉ። የአይዘንሃወርን ዋሻ አልፌ፣ አይዳሆ ስፕሪንግስን አልፌ፣ ጄነሲ ጋ ስደርስ ቁልቁለቱ ያለቀ መሰለኝ። በዚያ መንገድ የሄደ ሰው ሰሌዳውን ያውቀዋል፦ ሹፌሮች አትሸወዱ፣ ገና 4 ማይል ቁልቁለትና ጠመዝማዛ አለ ይላል። እኔ ተሸውጃለሁ።

መጀመሪያ ሽታው መጣ፣ የተቃጠለ ፀጉር የመሰለ። ቀጥሎ ፍሬን ስረግጥ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ጠንካራ ነው፣ መኪናው ግን አይቆምም። ይህ ሸራው ከአቅሙ በላይ ሲግል የሚመጣ ነው። ፔዳሉ ላላ ብሎ ወደ ታች ቢወርድ ኖሮ ደግሞ የፍሬን ዘይቱ ፈልቷል ማለት ነበር፤ ሁለቱን መለየት ይጠቅማችኋል። ማርሽ ወደ 2 አወረድኩና ሞተሩ እየጮኸ ሞሪሰን መውጫ ላይ ደረስኩ። ዓባይ በረሃን ከጎሃ ጽዮን በአይሱዙ ወርጄ አውቃለሁ፣ እንደዚያ ቀን ግን አልደነገጥኩም። ግማሹ ጥፋት የኔ ነው። የትሬለሩን ፍሬን መቆጣጠሪያ ዝቅ አድርጌው ስለነበር ክብደቱን በሙሉ የተሸከመችው ፒክአፗ ናት።

ቤት ገብቼ ጎማውን ስፈታ ሸራው እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። ዲስኩ ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ ነበር።

አንድ ጓደኛዬ ያንኑ ርካሽ ዲስክ ገዝቶ ገና ከካርቶኑ አላወጣውም ነበር። እኔ በኋላ ከገዛሁት ጋር አንድ በአንድ የመታጠቢያ ቤት ሚዛን ላይ አወጣናቸው። ያንኑ መኪና የሚገጥሙ ሁለት አዲስ ዲስኮች ናቸው፣ ልዩነታቸው ግን 3 ፓውንድ ያህል ሆነ። የጎደለው ብረት ነው፣ ሙቀቱን የሚውጠው ደግሞ ያው ብረት ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ሁሉ ተዉትና ክብደቱን እዩ። ድረ ገጽ ላይ ስትገዙም ብዙ ጊዜ የዕቃው ክብደት ተጽፎ ይገኛል።

አሁን ወደ ተበሳው። ከፊትም ከኋላም ሸራና ዲስክ ያለው ሙሉ ኪት ከ380 እስከ 450 ዶላር ይጠራል። ያምራል፣ አልክድም። ቀዳዳው ድሮ ሸራ ሲግል የሚያወጣውን ጋዝ ለማስተንፈስ የመጣ ነው፤ የዛሬ ሸራ ያን ያህል ጋዝ አያወጣም። ለሚጎትት ሰው ቀዳዳ ማለት የተቀነሰ ብረት ነው፣ ስንጥቅም የሚጀምረው ከቀዳዳው ጫፍ ነው። የአንዱን ወዳጄን ዲስክ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ብራንዱን ልተወው። ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው የሄደ ስንጥቅ፣ ጥፍር ሲያልፍበት ጠቅ ያደርጋል። ያልተበሳ ሆኖ መስመር ብቻ የተቆረጠበት አለ፣ እሱ ክፉ አይደለም። ዋጋው እኩል ከሆነ ውሰዱት፣ ትንሽ ድምፅ ያሰማል፣ ሸራውንም ቶሎ ይበላል። ተጨማሪ 60 ዶላር ግን አልከፍልበትም።

ሴራሚክ ሸራስ? ጸጥ ያለ ነው፣ አቧራው ትንሽ ነው፣ ቸርኬው ንጹሕ ሆኖ ይቆያል። የባለቤቴ ራቭ 4 ላይ የገባው እሱ ነው። ፒክአፗ ላይ ግን ሰሚ ሜታሊክ፤ ትንሽ ቢንጫጫም፣ ቸርኬውን ቢያጠቁረውም ሙቀት ይችላል። ደግሞ ስሙ ብቻ አያታልላችሁ፣ የሸራው ጠርዝ ወይም ጀርባ ላይ ከረጅም ኮድ መጨረሻ ሁለት የላቲን ፊደላት አሉ። የመጀመሪያው ሸራው ሳይግል፣ ሁለተኛው ግሎ ሳለ ያለውን የመያዝ ኃይል ይናገራል። ኢ ደካማው፣ ኤፍ መካከለኛው፣ ጂ ጠንካራው ነው። እኔ ድርብ ኤፍ ወይም ድርብ ጂ ካልሆነ አልገዛም። የ32 ዶላሩ ድርብ ኢ ነበር፣ ያየሁት ከተቃጠለ በኋላ ነው እንጂ።

ስለ ፎርጅድ። ከዚያ ቀን በኋላ «ኦሪጅናል» ልግዛ ብዬ ኢንተርኔት ላይ ከአንድ የማላውቀው ሻጭ፣ የታወቀ ስም ያለበት ሸራ በ30 ፐርሰንት ቅናሽ አዘዝኩ። ካርቶኑ ሲመጣ ቀለሙ የደበዘዘ ነው። ፊደሎቹ የሉም፣ የመለያ ቁጥርም የለም። በካቻቢቴ ጫፍ ጠርዙን ነካ ሳደርገው ሸራው ከብረቱ ላይ ቅርፊት እንደሚላቀቅ ተነሳ። ያ መኪና ላይ ቢሆን ምን ይፈጠር እንደነበር አስቡት። ገንዘቤን ለማስመለስ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ሶማሌ ተራ ውስጥ ዕቃ ገዝቶ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ሊታለል አይገባውም ነበር፣ እዛ ቢያንስ ገልብጬ አይቼ ነው የምከፍለው። አሁን ወይ ከአከፋፋዩ፣ ወይ መደብር ገብቼ ካርቶኑን ከፍቼ ነው።

አሁን የምገዛው ይሄ ነው፦ ሸራ 62 ዶላር፣ ዝገት መከላከያ የተቀባ ልሙጥ ዲስክ አንዱ 84። ከነታክሱ 250 ገደማ፣ ለፊት ብቻ። ቀለሙ ለቁንጅና አይደለም፤ ኮሎራዶ ክረምት መንገዱ ላይ የሚረጨው ማግኒዥየም ክሎራይድ ብረት ይበላል። ከርካሹ ጋር ያለው ልዩነት 120 ዶላር ነው። የኢንሹራንሴ ዲዳክቲብል፣ ማለትም አደጋ ቢደርስ ቀድሜ ከኪሴ የምከፍለው፣ 1,000 ነው፣ ሂሳቡን እናንተ ሥሩት። ጋራዥ የፊቱን ብቻ 480 ብሎኝ ነበር፤ ክሪክ ካላችሁና ቅዳሜ ጠዋት ነፃ ከሆናችሁ ራሳችሁ ሥሩት።

«ዕድሜ ልክ ዋስትና» የሚሉት ነገር ብዙ ሰው ያማልላል። ሸራውን በነፃ ይቀይሩላችኋል፣ እውነት ነው። ጎማ ፈትቶ የሚገጥመው ግን እናንተ ናችሁ፣ የተበላውንም ዲስክ የሚከፍላችሁ የለም።

የፍሬን ዘይቱንም አትርሱ። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው የሚፈላው፣ እርጥበት ሲስብ እስከ 140 ይወርዳል። በሁለት ዓመት አንዴ ቀይሩት፣ ጠርሙሱ ከ12 ዶላር አይበልጥም። አዲስ ሸራ ከገባ በኋላ ትሬለር ከማሰራችሁ በፊት ባዶ መንገድ ላይ ፍጥነቱን በሰዓት ከ40 ማይል ወደ 10 እያወረዳችሁ ደጋግማችሁ አሟሹት፣ ሙሉ በሙሉ ሳትቆሙ። የጎማውን ዳዶ ደግሞ ጎሚስታው በአየር ጠመንጃ እንዲያጠብቀው አትፍቀዱ። የኔዋ የማጥበቂያ ልክ 150 ፉት ፓውንድ ነው፣ በመለኪያ ቁልፍ። «ዲስኩ ተጣመመ» ከሚባለው ብዙው ከዚህና ሸራው ካለመሟሸቱ የሚመጣ ነው።

ይሄን ሁሉ ትናንት ለደወለልኝ ልጅ በስልክ ነገርኩት። ሰማኝ፣ ሰማኝና «ግን ወንድሜ፣ ከአንዳንዱ ኪት ጋ የሚመጣው ቀይ ካሊፐር ያምራል» አለኝ፤ ሸራውን ይዞ ዲስኩን የሚጨብጠውን ማለቱ ነው። በ15 ዶላር የሚረጭ ቀለም ግዛና ራስህ ቀባው አልኩት።