መጋላ አምፕሊፋየር ልትገዙ ለምትወርዱ፦ ጀርባውን ሳታዩ ብር እንዳታወጡ

ከሱቁ ከወጣሁ ሁለት ሰዓት አልሞላኝም። ንዴቱ ገና አልበረደልኝም። የድሬ ልጆች፣ በተለይ ቤታችሁ ጥሩ ስፒከር ያላችሁ፣ ይቺን አንብቡልኝ።

ወንድሜ ከውጭ ሲመጣ ጥንድ ዲናውዲዮ ስፒከር አምጥቶልኛል። የዴንማርክ ሥራ ነው። ጀርባው ላይ 4 ኦም ይላል፤ ኦም ስፒከሩ ከረንትን የሚገታበት መጠን ነው። 4 ኦም ስፒከር ከ8 ኦሙ የበለጠ ከረንት ይስባል፤ አምፕሊፋየሩ ደካማ ከሆነ ይግላል፣ ድምፁም ይበላሻል። ይህን አውቃለሁ። እያወቅኩ መሸወዴ ነው የሚያንገበግበኝ።

ሱቁን አልጠራም። ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። ትልቁን የሠርግ ስፒከር በሩ ላይ ይገትራል። ገና ስትገቡ ይለቅባችኋል፣ ደረታችሁ እስኪመታ። "ስማ አቦ፣ ስማ!" ይላል። ያ ስፒከር በትንሽ ዋት የሚጮህ ነው። የቤቱ ስፒከር በዚያው ዋት ያን ያህል አይጮህም፤ ጩኸቱን በ3 ዴሲቤል፣ ማለት በጥቂቱ፣ ለመጨመር ብቻ ዋቱ እጥፍ መሆን አለበት።

"የኔ 4 ኦም ነው፣ ይችለዋል?" አልኩት። ሁለት ጊዜ ጠየቅኩት።

"ወላሂ 2 ኦምም ይችላል! 1500 ዋት እኮ ነው ወንድሜ።"

እውነትም ፊቱ ላይ በወርቃማ ቀለም 1500 ተጽፏል። 26 ሺህ ብር ቆጠርኩለት። ደረሰኝ ስጠይቀው "ቫቱን ትጨምራለህ?" አለኝ። ተውኩት።

ማታ ሳቢያን ቤቴ ገጠምኩት። የኡድ ሙዚቃ ከፈትኩ፣ ትንሽ ጨመር አደረግኩ። ግማሽ ሰዓት አልቆየም፣ ድምፁ መሻከር ጀመረ። ቀጥሎ የቀኙ ትዊተር፣ ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣዋ ትንሿ ስፒከር፣ ጸጥ አለ። ጠጋ ስል የተቃጠለ ሽታ አለው። አምፕሊፋየር ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ የድምፁን ሞገድ ጫፍ ይቆርጠዋል፤ ትዊተር የሚያቃጥለውም እሱ ነው።

ዛሬ ጠዋት በባጃጅ ይዤው ሄድኩ። ሶኬት ላይ እንኳን አልሰካውም። ባንኮኒው ላይ አዞረው፣ በአውራ ጣቱ ጥፍር ከጀርባው አንዲት ደቃቅ ጽሑፍ ሥር እየጫረ "ከ8 እስከ 16 ኦም ይላል። ማንበብ አትችልም እንዴ?" አለኝ። ያው ወላሂ ያለኝ አፍ ነው! ልጆቹ ሳቁ። አንዱ "ስፒከሩ አርጅቶ ይሆናል" አለ፣ ስፒከሩን ሳያየው።

እሱ ጥፍሩን ሳያነሳ እኔ ከጎኑ ያለውን መስመር አነበብኩ። 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ 120 ዋት። ከግድግዳው 120 ዋት የሚወስድ ዕቃ ከየት አምጥቶ ነው 1500 የሚሰጠው? ከ120ውም ገሚሱ ሙቀት ሆኖ ይቀራል፣ የተረፈውን ሁለቱ ስፒከሮች ይካፈሉታል። አሳየሁት። ቀና ብሎም አላየኝም። "ዞር በል፣ ደንበኛ እየከለልክ ነው" አለኝ። ትናንት ወንድሜ፣ ዛሬ ዞር በል።

አዙሬ ባየው አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። እዚያው ባንኮኒ ላይ፣ ከእጄ ሥር ነበር።

እናንተ አዙሩት። ኦሙን ከስፒከራችሁ ጋር አስተያዩ። ፊቱ ላይ ያለውን ቁጥር ተዉት፣ አርኤምኤስ ዋቱን፣ ማለት ሳያቋርጥ መስጠት የሚችለውን ዋት፣ ጠይቁ። ከተቻለ የራሳችሁን ስፒከር ይዛችሁ ሂዱና እዚያው አስሞክሩ። ያለ ደረሰኝ ደግሞ እንዳትወጡ፤ እኔ አሁን አቤት ልል ብፈልግ በእጄ የያዝኩት አንድ ወረቀት የለም።

ለወንድሜ ገና አልነገርኩትም።