የቆስጣ ናይትሬት ወይስ የሞርታዴላ ናይትራይት?

ቆስጣም ሞርታዴላም ናይትራይት (ከናይትሬት የሚገኝ፣ ሥጋ እንዳይበላሽም የሚጨመር ውህድ) ወደ ጨጓራ ያስገባሉ፤ ግን እኩል አይደሉም። ቆስጣና ቀይ ስር ብዙ ናይትሬት አላቸው፣ የአፋችን ባክቴሪያዎችም ከፊሉን ወደ ናይትራይት ይቀይሩታል። ታዲያ ለምን አንፈራቸውም? አብሯቸው የሚገባው ቫይታሚን ሲ ናይትራይቱ ናይትሮሳሚን (ካንሰር ሊያመጣ የሚችል ውህድ) እንዳይሆን ስለሚያግዝ ነው።

ሞርታዴላና ቋሊማ ሌላ ነገር ናቸው። እዚያ ናይትራይቱ የሚመጣው ከሥጋው ፕሮቲንና ከሄም ብረት (ቀይ ሥጋ ውስጥ ያለው የብረት ዓይነት) ጋር ነው፣ ከዚያ የሚፈጠሩት አንዳንድ ናይትሮሳሚኖች ደግሞ ዲኤንኤ ላይ ሜቲል የሚባል ትንሽ የኬሚካል ቁራጭ ይለጥፋሉ፣ ተመራማሪዎችም ይህንን ጉዳት ለማየት ኦ6-ሜቲልጓኒን የሚባለውን ምልክት ይለካሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2015 እ.ኤ.አ. የተቀነባበረ ሥጋን ካንሰር አምጪ ብሎታል። ዋናው ማስረጃ የትልቁ አንጀት ነው፤ ከጨጓራ ካንሰር ጋርም ዝምድና ታይቷል።

ሄሊኮባክተር የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ ያለበት ሰው (እኛ አገር ስንቱ ነው!) ይበልጥ ይጠንቀቅ፣ ባክቴሪያው የጨጓራን ቫይታሚን ሲ ያሳንሳልና። እኔ ቆስጣውን ያለ ስጋት እበላለሁ፤ ሞርታዴላውን ግን ከልጆች ቁርስ አውጥቻለሁ።