ለነፋሻ በረንዳ የሚሆን አበባ ገዛሁ

የምኖረው ለንደን፣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነው። በረንዳዬ ፊቱን ወደ ደቡብ ምዕራብ አዙሯል፤ ነፋሱም የሚመጣው ከዚያው ነው። ጤና አዳም አልበረከተልኝም። በሶብላውማ ሳምንት አልቆየም። ስለዚህ አንድ የኦንላይን ችግኝ ሻጭ «የባሕር ገደል ስብስብ» ብሎ ስድስት ችግኝ ከነማድረሻው በ18 ፓውንድ ሲያቀርብ ወዲያው አዘዝኩ።

አራቱ ሲ ፒንክ፣ ሁለቱ ሲ ካምፒዮን የሚባሉ የባሕር ዳር አበቦች ናቸው። ሁለቱም ዓይነቶች በምዕራብ ብሪታንያ ባሉት በኮርንዎልና በፔምብሮክሺር የባሕር ገደሎች ላይ እንደ ልባቸው የሚበቅሉ ናቸው። ካርቶኑን ስከፍት ከጎኔ የሚኖሩት እማማ አብረውኝ ነበሩ። «ልጄ፣ 18 ፓውንድ ለሣር?» አሉኝ። እውነትም ሲ ፒንክ ሳያብብ ሲታይ ሣር ነው። ግን ይሄ «ሣር» እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ በእንግሊዝ ባለ 12 ጎን የሦስት ፔንስ ሳንቲም ላይ ተቀርጾ ነበር። ነግሬያቸዋለሁ፤ ብዙም አልተደነቁም።

ከአንዱ በቀር ችግኞቹ ጤነኛ ናቸው፣ ሥራቸውም ጠንካራ ነው። ያናደደኝ አብሮ የመጣው መመሪያ ነው። «በየሳምንቱ ፈሳሽ ማዳበሪያ ስጡ» ይላል። ኧረ ተው! ሲ ፒንክ የሚያድገው ስስ አፈርና ጨው ባለበት አለት ላይ ነው። እንደ መከዳ ድብልብል ብሎ መሬት ላይ ስለሚተኛ ነፋሱ በላዩ ያልፋል። ቅጠሉ ቀጭን ስለሆነ ውኃ ቶሎ አያባክንም። ሥሩ ደግሞ የድንጋይ ስንጥቅ ተከትሎ ወደ ታች ይወርዳል። ማዳበሪያ ሲበዛበት ይልፈሰፈሳል፤ እርጥቡ የብርድ ወራት ሲመጣ ይበሰብሳል። እኔ ግማሽ አፈር፣ ግማሽ ደቃቅ ጠጠር ቀላቅዬ፣ ከሥሩ ቀዳዳ ባለው ጠለቅ ያለ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ተከልኩት። ሥር እስኪሰድ ውኃ አጠጣሁት። ከዚያ በኋላ አፈሩ ሲደርቅ ብቻ ነው።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ሮዝ አበባው ፈነዳ። ዘንጉ ቅጠል የለውም፤ ነፋስ ሲመጣ ይጎነበሳል እንጂ አይሰበርም። የደረቀውን አበባ ስቀነጥብለት ሌላ ያወጣል። ንቦች ዘጠነኛ ፎቅ ድረስ መጡ፤ እኔ ጋ የሚመጣ እንግዳ ግን ሊፍቱ ከተበላሸ ከታች ነው የሚመለሰው።

ሲ ካምፒዮን ነጭ ነው፤ ከአበባው ጀርባ የተነፋ ከረጢት አለው። ከማሰሮው ጠርዝ ላይ ሲንጠለጠል ያምራል። አበባው ካለፈ በኋላ ግን ይዝረከረካል፤ በመቀስ ማሳጠር ግድ ነው።

አንዱ ካምፒዮን ተሰብሮ ነው የደረሰኝ። ሻጮቹ ፎቶ ላኩ አሉኝ፣ ላክሁ። ሌላ ፎቶ አሉኝ፣ እሱንም ላክሁ። ከዚያ ወዲህ ድምፃቸው ጠፋ።

ለችግኙ ከአምስት አራት ተኩል፣ ለሻጩ ሁለት። ሲ ፒንክ ብቻ ከፈለጋችሁ በጸደይ ሰፈራችሁ ያለ የችግኝ መሸጫ ብታዩ ይሻላል። ገደል ላይ ያየሁትን ነቅዬ ላምጣ የሚል ካለ፣ ያለ መሬቱ ባለቤት ፈቃድ በእንግሊዝ ሕግ ክልክል ነው። በረንዳችሁ ፀሐይ የማያገኝ ከሆነ ደግሞ ገንዘባችሁን አታውጡ፤ ጥላ አይወድም።