የአባቴን ሬንጅ ሮቨር ላቆሙልኝ የድሬዳዋው የሳቢያን ሰፈር መካኒክ

ዛሬ ጠዋት በሩን ስከፍት መጀመሪያ ያየሁት የመኪናችንን የፊት ጎማዎች ነው። ግራና ቀኟ እኩል ቆማ አድራለች። ይህን ለማየት ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ጠብቄአለሁ፤ ለዚህ ያበቁኝን ሰው በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ኅሊናዬ ዕረፍት አይሰጠኝም።

መኪናዋ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የ2004 ሬንጅ ሮቨር ናት፣ ናፍጣ። አባቴ በወጣትነቱ የመሥሪያ ቤት ላንድ ሮቨር ሾፌር ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ «አንድ ቀን የራሴን እይዛለሁ» ሲል ኖሮ ከንግዱ ባጠራቀማት ገንዘብ በስተርጅናው ገዛት። ሲያርፍ ለእናቴና ለእኔ ቀረች። «ሽጪያት፣ ታደኸይሻለች» ያላለኝ ዘመድ የለም። አልሸጥኳትም። መሪዋ ላይ አባቴ ቀኝ እጁን የሚያሳርፍበት ቦታ ቆዳው ተልጧል፤ እኔም የምይዘው እዚያው ላይ ነው።

ግን እውነቱን ልናገር። በድሬዳዋ የእንግሊዝ የቅንጦት መኪና መያዝ ከባድ ነው። የቶዮታ መለዋወጫ በየሱቁ አለ፤ የእሷ ግን ተራ ቱቦ እንኳን ሳይቀር ከዱባይ ወይም ከእንግሊዝ አገር በመንገደኛ ሻንጣ ነው የሚመጣው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ የዕቃውም ዋጋ አብሮ እጥፍ ሆነ። በዚያው ዓመት በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ስለተከለከለ ይህችን ጥዬ ሌላ ላምጣ ማለትም ቀላል አልነበረም።

ሕመሟ እንዲህ ነበር። ማታ ቀጥ ብላ የቆመችው መኪና ሲነጋ በግራ በኩል ተንበርክካ ትገኛለች፣ ልክ ሊጭኗት እንዳንበረከኳት ግመል። ይህች መኪና የምትቆመው በብረት ሞላ ሳይሆን አየር በሚነፋ የጎማ ከረጢት ነው። ከዚህ የበለጠ አላውቅም፤ በጊዜው ይህንንም አላውቅም ነበር። አለማወቄን ደግሞ በደንብ ተጠቀሙበት።

አዲስ አበባ ድረስ ወሰድኳት። መስታወቱ የሚያብረቀርቅ፣ ቡና የሚያቀርብ ጋራዥ ነው። ኮምፒውተር ሰኩ፤ «አየር የሚነፋው ኮምፕሬሰር ሞቷል» አሉኝ። 96 ሺህ ብር ከፈልኩ። ሰባት ወር ሳይሞላ ተመልሳ ተንበረከከች። መልሼ ወሰድኳት፤ ሌላ ኮምፕሬሰር፣ አሁን 170 ሺህ ብር! የወጣውን አሮጌ ዕቃ አሳዩኝ ስላቸው ተጥሏል አሉ። ለምን በሰባት ወር ሞተ ብዬ ስጠይቅ አንዱ ልጅ ፊቱን ወደ ስልኩ እንዳዞረ «የእንግሊዝ መኪና እንዲህ ነው» ብሎ መለሰልኝ። እንባዬን ውጬ ወጣሁ። እዚህ ከተማችን ውስጥም አንዱ «ለብረት ሽጪያት» አለኝ። የአባቴን መኪና በኪሎ!

ከእኚህ ሰው ጋር ያገናኘኝ ግን ሌላ ብልሽት ነው። ባለፈው ጥቅምት እናቴን ለጉልበቷ ሐረር የሕክምና ቀጠሮ ይዤ ስወጣ የደንገጎን ዳገት ሳንጨርስ የሙቀት መለኪያው ቀይ ነካ፤ ከፊት እንፋሎት ተነሣ። እናቴ ከኋላ ተቀምጣ መጸለይ ጀመረች። አንድ የአይሱዙ ሾፌር ቆሞ ስልክ ቁጥር ሰጠኝ፤ እግዚአብሔር ይስጠው። ደወልኩ። ድምፁ የሽማግሌ ነው፤ ረጋ ያለ። «ሞተሩን አጥፊ ልጄ። ክዳኑን እንዳትነኪው፣ ያቃጥልሻል። ከእናትሽ ጋር ጥላ ስር ሁኑ፤ መጣሁ» አሉኝ።

መጡም። በአሮጌ ፔጆ። እኔ ወደ ሞተሩ ይሮጣሉ ብዬ ስጠብቅ እሳቸው ቀጥ ብለው ወደ እናቴ ሄዱ። «እትዬ፣ ቀጠሮዎ ስንት ሰዓት ነው?» አምስት ሰዓት ነው አለቻቸው። ረዳታቸውን ከእኔ መኪና ጋር አቁመው እኛን በፔጆአቸው ሐረር አደረሱን፤ እናቴን ደግፈው እስከ በሩ አስገቡልኝ። ሳልጠይቃቸው፣ ሥራቸውን ጥለው! ስንጨርስ ልክፈል ብል «መኪናውን ስሠራ ትከፍያለሽ። ለእናት ሂሳብ አይደረግም» አሉኝ። እናቴ ይህን ቃል እስከ ዛሬ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ትነግራለች።

ሙያውን የተማሩት በልጅነታቸው በምድር ባቡሩ ጥገና ቤት ነው፤ ስለዚህ ግማሹን መሣሪያ አሁንም በፈረንሳይኛ ስሙ ይጠሩታል። መኪናዋ ተጎትታ ጋራዣቸው ከገባች በኋላ አንዲት የተሰነጠቀች የፕላስቲክ የውሃ መገናኛ መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ውሃውን ያፈሰሰችው እሷ ነበረች። ቀጥለውም ማንም ነግሮኝ የማያውቀውን ነገር ነገሩኝ፤ ለካ የመኪናዬ ሞተር የጀርመን ቢኤምደብሊው ነው! ኩባንያው ከ1994 እስከ 2000 የላንድ ሮቨር ባለቤት ስለነበር ይህ ሞዴል የተነደፈው በእነሱ ጊዜ ነው፤ ላንድ ሮቨር ለፎርድ፣ በ2008 ደግሞ ለሕንዱ ታታ የተሸጠው ከዚያ በኋላ ነው። «ስለዚህ የሞተር ዕቃ ስትፈልጊ ሬንጅ ሮቨር ብለሽ አትጠይቂ፤ ዋጋው ይንርብሻል» አሉኝ። መገናኛዋን ከቢኤምደብሊው ዕቃ ሻጭ አስመጡልኝ።

ስለ መንበርከኳ ያነሣሁት ተስፋ ቆርጬ ነበር። ኮምፒውተር አልሰኩም። በጠርሙስ የሳሙና ውሃ ያዙና ጎንበስ ብለው በግራው የፊት ከረጢት ላይ ረጩት። «ነይ እዪ» አሉኝ። ጎማው ከታጠፈበት ላይ ደቃቅ አረፋ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ዕድሜና የድሬ ሙቀት አድርቆ ሰንጥቆታል። «ኮምፕሬሰሩ ምን ያድርግ? ይህ ቀዳዳ የሚያፈሰውን ሲሞላ ውሎ ሲሞላ አድሮ ነው ተቃጥሎ የሞተው።» ሁለት ኮምፕሬሰር የጨረሰችብኝ አንዲት ስንጥቅ ናት! 266 ሺህ ብር ከፍዬ ያልተነገረኝን በአንድ ጠርሙስ የሳሙና ውሃ አሳዩኝ።

ሁለቱም የፊት ከረጢቶች ከዱባይ መጡ፤ መገናኛዋንና የእጅ ዋጋቸውን ጨምሮ 68 ሺህ ብር ከፈልኩ። አሮጌዎቹን በካርቶን አድርገው መለሱልኝ። በብረት ሞላ መቀየርም እንደሚቻልና እንደሚረክስ፣ ግን ምቾቷ እንደሚቀንስ ነግረው ምርጫውን ለእኔ ተዉት። አባቴ የሚወዳት እንደነበረች ትሁን አልኩ። ገና ወጪ እንዳለባት አልደበቁኝም፤ በየስድስት ወሩ አምጪያትና ልያት ብለውኛል።

ውድ መኪና ይዛችሁ በየጋራዡ የምትንከራተቱ፣ እባካችሁ እኚህን ሰው ሳታዩ ምንም ዕቃ አትግዙ። ቪትዝም ብትይዙ ሂዱ፤ የሁሉንም በእኩል ዓይን ያያሉ። በተለይ ሴቶች፣ ሳትፈሩ ሂዱ፤ ሳይሰለቹ አስረድተው፣ ዕቃውን አሳይተው ነው የሚሠሩት። «ስሜን አትጻፊ» ስላሉኝ ቃላቸውን አከብራለሁ፤ ቁጥራቸውን ለሚፈልግ በግል እልካለሁ። በቀትር ሙቀት ይዘጋሉና በጠዋት ድረሱ። ከሄዳችሁ ደግሞ አደራ፣ የደንገጎዋ እናት ጉልበቷ ተሽሏታል፣ ሰላም ብላዎታለች በሉልኝ።