ወደ ሲሼልስ ለመግባት የትኛው መንገድ ይሻላል? የመግቢያ አማራጮች ንጽጽር

ሲሼልስ የኢትዮጵያን ጨምሮ ከሞላ ጎደል የማንኛውንም አገር ፓስፖርት የያዘ መንገደኛ አስቀድሞ ቪዛ እንዲያወጣ አትጠይቅም። ነገሩ እውነት ቢሆንም «ቪዛ የለም» የሚለው ወሬ ብዙ ሰው ያዘናጋል፤ በቪዛው ምትክ ሁለት ሌሎች ፈቃዶች አሉና። አንደኛው ከመነሳት በፊት በኢንተርኔት የሚወጣውና የሚከፈልበት የጉዞ ፈቃድ ሲሆን፣ ሁለተኛው ኤርፖርቱ ያለበት ዋናው ደሴት ማሄ ሲደረስ የኢሚግሬሽን ሠራተኛው የሚሰጠው የጎብኚ ፈቃድ ነው፤ ይህኛው እስከ ሦስት ወር ድረስ ክፍያ የለበትም። እንግዲህ ተጓዡ የሚመርጠው የጉዞ ፈቃዱን በምን ፍጥነትና በማን በኩል እንደሚያወጣ፣ በአየር ወይስ በባሕር እንደሚገባ፣ እንዲሁም በጎብኚነት ወይስ በሌላ የፈቃድ ዓይነት እንደሚቆይ ነው። ብዙ ሰው ገንዘቡንም ጭንቀቱንም የሚያፈሰው በመጀመሪያው ምርጫ ላይ ነው፤ በእኔ ግምት ግን ከሁሉም ቀላሉ እርሱ ነው።

የጉዞ ፈቃዱ በመደበኛው አሠራር ወደ 10 ዩሮ የሚጠጋ ዋጋ ያለው ሲሆን ምላሹ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን ውስጥ ይደርሳል። ለሚቸኩል ሰው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የሚያልቁ ፈጣን አማራጮች ቀርበዋል፤ ዋጋቸው ግን የመደበኛውን ብዙ እጥፍ ነው። ልብ መባል ያለበት፣ ብዙ የከፈለውም ጥቂት የከፈለውም በመጨረሻ የሚይዙት ሰነድ አንድ ዓይነት መሆኑን ነው። ፈጣኑ አማራጭ የቆይታ ቀን አይጨምርም፣ በማሄ ኤርፖርት ያለውን ምርመራ አያስቀርም፣ የመግባት ዋስትናም አይሰጥም። ክፍያው በነፍስ ወከፍ ስለሆነና ሕፃናትም የየራሳቸው ፈቃድ ስለሚያስፈልጋቸው፣ ልጆች ይዞ የሚጓዝ ቤተሰብ በመጨረሻው ቀን ሲጣደፍ የሚከፍለው ልዩነት ለአንድ ሌሊት የእንግዳ ማረፊያ ሊበቃ ይችላል። ቲኬቱን በድንገት ከቆረጠ ሰው በስተቀር ፈጣኑን የሚገዛበት ምክንያት ያለው ተጓዥ አይታየኝም።

ቅጹ የፓስፖርቱን ገጽ ፎቶ፣ የተጓዡን ፎቶ፣ የበረራ ቁጥርና የማረፊያ አድራሻ ይጠይቃል። ኢትዮጵያዊ መሙያ የሚደናገረው በስሙ ላይ ነው፤ የአባትና የአያት ስም የትኛው ሳጥን ውስጥ እንደሚገባ ከመገመት ይልቅ በፓስፖርቱ የፎቶ ገጽ ግርጌ በቀስት ምልክቶች ተለያይተው የተጻፉትን ሁለት መስመሮች ማየትና ቅደም ተከተላቸውን እንዳለ መገልበጥ ይሻላል፤ ማሽኑ የሚያነበው እነርሱን ነውና። ይህን ሥራ በጉዞ ወኪል ማሠራትም ይቻላል። ወኪሉ ቲኬትና ሆቴል አብሮ የሚሸጥ ከሆነና የአገልግሎት ክፍያውን ለይቶ ካሳወቀ ነውር የለበትም፤ በተለይ ስልክ ላይ ቅጽ መሙላት ለሚያስቸግራቸው ወላጆች ጥሩ እገዛ ነው። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው የመንግሥት ገጽ መስለው በፍለጋ ውጤት ላይ ቀድመው ከሚወጡት የንግድ ገጾች ነው። እነዚህ ያንኑ ቅጽ አስሞልተው ትርፍ ያስከፍላሉ፤ የሚያስገቡት ማመልከቻም ያው የመንግሥቱ ነው።

ተጓዡን በእርግጥ ሊመልሱት የሚችሉት ከፈቃዱ በስተጀርባ ያሉት ማስረጃዎች ናቸው። ቦሌ ላይ የቼክ ኢን ሠራተኛው ሻንጣ ከመመዘኑ በፊት የጉዞ ፈቃዱን ያያል፤ ያልያዘ ሰው አይሳፈርም። ማሄ ሲደረስ ደግሞ የኢሚግሬሽን ሠራተኛው ደርሶ መልስ ቲኬት ወይም ወደ ሌላ አገር የሚያሻግር ቲኬት፣ ለቆይታው ሁሉ የተረጋገጠ ማረፊያ፣ እንዲሁም ለእያንዳንዱ ቀን ቢያንስ 150 የአሜሪካ ዶላር ወይም ተመጣጣኙን መያዙን የሚያሳይ ማስረጃ ሊጠይቅ ይችላል። ለአንድ ሳምንት ሲሰላ ከ1000 ዶላር በላይ መሆኑ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሌሊቶች ብቻ ማረፊያ ይዞ ሌላውን «እዚያ ስደርስ እፈልጋለሁ» ማለት በሌሎች አገሮች የተለመደ የቁጠባ ዘዴ ሊሆን ይችላል፤ ለሲሼልስ ግን አይሆንም። ሁሉም ከተሟላ ፓስፖርቱ ላይ የሚያርፈው ማኅተም የአገሪቱ መለያ በሆነው፣ ኮኮ ደ ሜር በሚባለው ትልቅ መንታ ፍሬ ቅርጽ የተሠራ ነው።

የቢጫ ወባ ክትባት ነገር ለብቻው መነሳት አለበት። ኢትዮጵያ በሽታው ሊያጋጥምባቸው ይችላል ተብለው ከተመዘገቡት አገሮች አንዷ ስለሆነች፣ ከአዲስ አበባ ተነስቶ የሚሄድ ዕድሜው ከአንድ ዓመት በላይ የሆነ መንገደኛ የክትባት ካርድ መያዝ አለበት። ክትባቱ የሚጸናው ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ይህን በገንዘብ ማፋጠን አይቻልም፤ በጉዞ ዝግጅት ውስጥ ቀድሞ መጀመር ያለበትም እርሱ ነው። በአንጻሩ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዓለም አቀፉ የጤና ደንብ መሠረት አንድ ጊዜ የተሰጠ ካርድ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ የድሮ ካርድ ያለው ሰው እንደገና መከተብ አያስፈልገውም። ከዋሽንግተን ወይም ከአውሮፓ ተነስቶ በቦሌ በኩል የሚያልፍ ሰውም የትራንዚት ቆይታው ከ12 ሰዓት ከበለጠ ካርዱን ይጠየቃል። ስለዚህ ርካሽ ነው ተብሎ የሚገዛ፣ ቦሌ ላይ ረጅም ጥበቃ ያለበት ቲኬት ይህን ጣጣ ይዞ እንደሚመጣ አስቀድሞ ማሰብ ይገባል።

በአየር ወይስ በባሕር የሚለው ጥያቄ እስከ 1971 እ.ኤ.አ. ድረስ አልነበረም፤ የማሄ ኤርፖርት ሥራ የጀመረው በዚያ ዓመት ነውና ከዚያ በፊት ወደ ደሴቶቹ የሚያደርሰው መርከብ ብቻ ነበር። ዛሬ ለአብዛኛው ሰው መልሱ አየር ነው። ከአዲስ አበባ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአራት ሰዓት ገደማ ያደርሳል፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚኖሩ ወገኖች ደግሞ ከዱባይና ከዶሃ ቀጥታ በረራ ስላለ ወደ አገር ቤት ሳይመለሱ መሄድ ይችላሉ። በትልልቅ የሽርሽር መርከቦች መግባት የሚመርጥ ሰው የወደብ ጉዳዩን የመርከቡ ኩባንያ ስለሚጨርስለት ውጣ ውረዱ ያነሰ ነው፤ ሆኖም በየደሴቱ የሚያገኘው ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም ባለው ጊዜም የደቡብ ምሥራቁ ነፋስ ባሕሩን ያናውጠዋል። በግል ጀልባ የሚመጣ ደግሞ ከሁሉ በፊት በዋና ከተማዋ ቪክቶሪያ ወደብ ገብቶ በጤና፣ በጉምሩክና በኢሚግሬሽን ሠራተኞች መፈተሽ ግዴታው ነው፤ መንገድ ላይ ያገኘው ደሴት ዳር መልሕቅ መጣል አይፈቀድለትም። እንደ አልዳብራ ወዳሉት ሩቅ ደሴቶች ለመሄድም የተለየ ፈቃድ ያስፈልጋል። ነፃነቱ የሚያጓጓ ቢሆንም በወረቀት ብዛት ከሦስቱ የከበደው ይኸኛው ነው።

የመጨረሻው ምርጫ የፈቃዱ ዓይነት ሲሆን፣ ከባድ ጉዳት የሚደርሰውም እዚህ ላይ በሚፈጸም ስሕተት ነው። የጎብኚ ፈቃድ ለእረፍት፣ ዘመድ ለመጠየቅና ለመሰል ጉዳይ ነው፤ በእርሱ ተቀጥሮ መሥራት ክልክል ነው። ደመወዙን ከውጭ አገር አሠሪ እያገኘ በኮምፒውተር የሚሠራ ሰው ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከ አንድ ዓመት የሚያስቆይ የተለየ ፈቃድ ተዘጋጅቶለታል፤ የሥራና የገቢ ማስረጃ እንዲሁም የጤና መድን ይጠየቅበታል፣ ለአገሬው አሠሪ መሥራትን ግን አይፈቅድም። በሲሼልስ ሆቴል ወይም ግንባታ ውስጥ ለመቀጠር የሚያስችለው የሥራ ፈቃድ ብቻ ሲሆን፣ እርሱንም የሚያመለክተው ቀጣሪው ድርጅት ነው፤ መፈቀድ ያለበትም ሠራተኛው ከመግባቱ በፊት ነው። «ቪዛ ስለማያስፈልግ በቱሪስት ግባ፣ ሥራውን እዚያ እንጨርሳለን» የሚል ደላላ የሚሸጠው ማንም ሰው በ10 ዩሮ ገደማ የሚያገኘውን ወረቀት ነው። የቀጣሪው ስም ያለበትን የጸደቀ የሥራ ፈቃድ ሳያዩ ብር መክፈል አይገባም።

ወጪውን ሲያሰሉ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በማረፊያ ሂሳብ ላይ የሚጨመረውን የአካባቢ ጥበቃ ክፍያ አይርሱ፤ እንደ ማረፊያው ስፋት በሰው ለአንድ ሌሊት ከ25 እስከ 100 የሲሼልስ ሩፒ ይደርሳል። ከሦስት ወር በላይ ለመቆየት የሚፈልግ ጎብኚ ፈቃዱን እያሳደሰ እስከ 12 ወር መድረስ ቢችልም፣ ለእያንዳንዱ የሦስት ወር ማራዘሚያ 5000 ሩፒ ይከፍላል። ማመልከቻውም የቀድሞው ፈቃድ ሳያልቅ ቪክቶሪያ ከተማ ኢንዲፔንደንስ ሃውስ ለሚገኘው የኢሚግሬሽን ቢሮ መቅረብ አለበት፤ የመመለሻ ቲኬቱ ቀን ከአዲሱ የቆይታ ጊዜ ጋር እንዲስማማ አስቀድሞ ማስቀየርም ያስፈልጋል።